«ሙያ የሌለው ሠራተኛ»፦ ስለ ስያሜው ትርጉምና አጠቃቀም የቀረበ ሂስ

1. መግቢያ

በሰው ኃይል ዕቅዶች፣ በሥራ ማስታወቂያዎችና በደመወዝ ዝርዝሮች ውስጥ ዘወትር ከሚያጋጥሙት ስያሜዎች አንዱ «ሙያ የሌለው ሠራተኛ» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜ «ያልሠለጠነ የሰው ኃይል» ተብሎ ይጻፋል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ክህሎት የሌለው» የሚለው አነጋገር ታክሎበታል። በዕለት ተዕለት ንግግር «የቀን ሠራተኛ»፣ «የጉልበት ሠራተኛ»፣ «ጫኝና አውራጅ»፣ «ተሸካሚ»፣ እንዲሁም ከባሕር ማዶ የመጣው «ኩሊ» ይሰማሉ። ላይ ላዩን ሲታዩ ሁሉም አንድን ሰው የሚያመለክቱ ይመስላሉ። በጥሞና ለመረመራቸው ግን አንደኛው የውሉን ዘመን፣ ሁለተኛው የሥራውን ዓይነት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰውየው የጐደለውን ነገር ይናገራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጽሕፈት ቋንቋ የተለመደው «ሙያ የሌለው» የሚለው ስያሜ ከአማርኛ ባሕርይ ጋር እንደማይስማማ፣ በመማሪያ ክፍልም ሆነ በዕቅድ ሥራ ላይ ጉዳት እንዳለው ማሳየት ነው። ስያሜው የተፈለገበት ምክንያት መኖሩ አይካድም። ረጅም ሥልጠና የሚጠይቀውን ሥራ አጭር ሥልጠና ከሚበቃው ሥራ ለይቶ መቁጠር ለዕቅድ አውጪ አስፈላጊ ነው። ጥያቄው ይህ ልዩነት በምን ቃል ይነገር፣ የሚነገረውስ ስለ ሥራው ነው ወይስ ስለ ሠራተኛው የሚለው ነው።

2. «ሙያ» በአማርኛ

«ሙያ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከአንድ የእጅ ጥበብ ወይም ከአንድ የምስክር ወረቀት የሰፋ ትርጉም አለው። ወጥ የምታሳምር ሴት «ባለሙያ» ትባላለች፤ ይህን ስም የሰጣት ግን ማሠልጠኛ ተቋም አይደለም፤ የቀመሰው ጐረቤት ነው። በጦር ሜዳ ጀግንነት የፈጸመ ሰው «ሙያ ሠራ» ይባል ነበር። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ቁም ነገር የሚሠራ ሰው አስቀድሞ እንደማይፎክር ያስተምራል። በአንጻሩ «ሙያ ቢስ» ወይም «ሙያ የለሽ» የሚለው አነጋገር ስድብ ነው፤ የተሰደበው ሰው አንድ የተወሰነ ጥበብ አለመማሩን ሳይሆን ከናካቴው ለምንም የማይረባ መሆኑን ይገልጻል።

ስለዚህ «ሙያ» የሰው ዋጋ በሥራው የሚለካበት ቃል ነው። አንድን ሰው «ሙያ የሌለው» ብሎ መጥራት በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ ከሥልጠና ማነስ እጅግ የራቀ ነገር ያሰማል። ይህን በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ሰው ስድብ አስቦ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቃል የሚነበበው በጸሐፊው ሐሳብ ልክ ሳይሆን በቋንቋው ልማድ ልክ ነው።

የቃሉ ታሪክ ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር ይዟል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15፣ ሀብቱን አባክኖ የተራበው ልጅ በአባቱ ቤት በደመወዝ ከሚያገለግሉት እንደ አንዱ ለመቆጠር ይመኛል። እነዚያ ደመወዝተኞች በትርጉሙ ውስጥ «ሞያተኞች» ተብለዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንዲሁ የበጎቹ ባለቤት ያልሆነው፣ በዋጋ ተቀጥሮ የሚጠብቀው ሰው የሚጠራው «ሞያተኛ» በሚለው ቃል ነው። እንግዲህ በዚያ አጻጻፍ «ሞያተኛ» ማለት የራሱ መሬት ወይም መንጋ የሌለው፣ ጉልበቱን ለሌላ ሰው በዋጋ የሚሰጥ ሠራተኛ ማለት ነበር።

ዛሬ በአንድ የሕንፃ ሥራ ቦታ «ሙያተኛ» የሚባሉት ግንበኛው፣ አናጺውና ለሳኙ ናቸው። ባሬላ የሚሸከመውና አሸዋ የሚያቀርበው «የቀን ሠራተኛ» ሆኗል፤ በወረቀት ላይ ደግሞ «ሙያ የሌለው» ተብሏል። አንድ ቃል በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል ሲዞር፣ ቀድሞ በስሙ ይጠራበት የነበረውን ሰው ከበር ውጭ አስቀርቶታል ማለት ይቻላል። መምህራን ይህን የትርጉም ለውጥ ለተማሪዎች ቢያሳዩ ስለ ቃላት ሕይወት ከብዙ የሰዋስው ልምምድ የበለጠ ትምህርት ይገኝበታል።

3. ሦስቱ ትርጉሞችና ጉድለታቸው

«ሙያ የሌለው»፣ «ያልሠለጠነ» እና «ክህሎት የሌለው» የተባሉት ስያሜዎች ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አቻ ሆነው የተሰጡ ናቸው። ያ ቃል በተወለደበት አገር ያለው ታሪክ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው የሠራተኞች ሕግ አንድ ሰው በእጅ ሥራ ሙያ ራሱን ችሎ እንዲሠራ ለ7 ዓመት በጌታ ሥር ሆኖ እንዲለማመድ ያስገድድ ነበር። ይህ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1814 ቢሻርም፣ የልምምድ ዘመኑን የፈጸመውን ካልፈጸመው የሚለየው ድንበር በአሠሪውና በሠራተኛው ልማድ ውስጥ ቆይቷል። ድንበሩ በመጀመሪያ የሚያመለክተው አንድ ሰው ወደ ሥራው የገባበትን መንገድ ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ሽመና፣ ብረት ሥራ፣ ሸክላ ሥራ፣ ቆዳ ፍቀት፣ የድንጋይ ግንብና እርሻ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ፣ ከጐረቤት ወደ ጐረቤት ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። የልምምድ ውል በሌለበት አገር፣ የልምምድ ውል ያለፈበትንና ያላለፈበትን የሚለይ ቃል ሲተረጐም በሰው ዕውቀት ላይ የተሰጠ ፍርድ ሆኖ አረፈው።

ሁለተኛው ስያሜ ከመጀመሪያው የተሻለ አይደለም። «ሠለጠነ» የሚለው ግሥ «ሥልጠና» እና «ሥልጣኔ» የተባሉትን ሁለት ስሞች በአንድነት ይወልዳል። «ያልሠለጠነ ወታደር» ሲባል የጦር ትምህርት ያልወሰደ ማለት ነው፤ «ያልሠለጠነ ሰው» ሲባል ግን ወግና ሥርዓት የማያውቅ ማለት ይሆናል። «ያልሠለጠነ የሰው ኃይል» የሚለው ሐረግ በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ይወዛወዛል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቢያስብም አንባቢው ሁለተኛውን ከመስማት አይከለከልም።

ሦስተኛው «ክህሎት የሌለው» የሚለው ነው። «ክህሎት» ቻለ የሚል ትርጉም ካለው ከግእዙ «ክህለ» የተገኘ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ውስጥ ገብቷል። ቃሉ ራሱ መልካም ነው፤ ችሎታ የሚማሩትና የሚያሳድጉት ነገር መሆኑን ያሳስባል። አሉታ ሲጨመርበት ግን «ክህሎት የሌለው» ማለት በቀጥታ ሲፈታ «የማይችል» ማለት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያራግፍ የዋለን ሰው «የማይችል» ማለት ደግሞ በዓይን ከሚታየው ነገር ጋር መጋጨት ነው።

እንግዲህ ሦስቱም ስያሜዎች የሚጋሩት ጉድለት አንድ ነው። የሥራውን ባሕርይ በመግለጽ ፈንታ የሰውየውን ባዶነት ይገልጻሉ።

4. የ«ኩሊ» ትምህርት

የሥራ ስያሜ ወደ ሰው ስያሜ ሲለወጥ ምን እንደሚያስከትል «ኩሊ» የተባለው ቃል በግልጽ ያሳያል። በደቡብ ሕንድ በሚነገረው በታሚል ቋንቋ «ኩሊ» ማለት የሥራ ዋጋ፣ ምንዳ ማለት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ቃሉን በምዕራብ ሕንድ ከሚኖረው «ኮሊ» ከተባለው ሕዝብ ስም ጋር ያያይዙታል። ቻይናውያን በበኩላቸው ይህንኑ ድምፅ «መራራ» እና «ጉልበት» የሚል ፍች ባላቸው ሁለት ምልክቶች ይጽፉታል።

ቃሉ በዓለም የተሰራጨው በባሪያ ፍንገላ መጨረሻ ዘመን ነው። የብሪታንያ ፓርላማ ባርነትን በግዛቶቹ የሚያስቀር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1833 ካወጣ በኋላ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ሌላ ርካሽ ጉልበት ፈለጉ። በዚህም መሠረት በውል የታሰሩ ሕንዳውያን እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮ ወደ ሞሪሸስ፣ ከ1838 ጀምሮ ወደ ብሪቲሽ ጉያና፣ ከ1860 ጀምሮ ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ናታል በመርከብ ተጓዙ። ምልመላው እ.ኤ.አ. በ1917 እስኪቆም ድረስ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መንገድ ከአገራቸው ወጥተዋል። በዚሁ ዘመን ቻይናውያን በተመሳሳይ ውል ወደ ኩባና ወደ ፔሩ ተወስደዋል።

በዚህ ሂደት የምንዳ ስም የነበረው ቃል ምንዳ የሚቀበለው ሰው ስም ሆነ፤ ቀጥሎም የሰውየው ዘር ስም ሆነ። በደቡብ አፍሪካ ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ጠበቃውም ሕንዳዊ ከሆነ በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 በጥብቅና ሥራ ወደዚያ የሄዱት ሞሃንዳስ ጋንዲ «ኩሊ ጠበቃ» ይባሉ እንደነበር በሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። ከዚህ ደረጃ ሲደርስ ቃሉ ስለ ሥራ የሚናገረው ምንም ነገር አልቀረውም፤ የሚናገረው ስለ ንቀት ብቻ ነው።

አማርኛ «ኩሊ»ን የተቀበለው በሸክም ሥራ ለሚተዳደር ሰው መጠሪያ አድርጎ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያና በገበያ ቦታ ቃሉን የሚጣራ ሰው ስለ ሞሪሸስም ሆነ ስለ ናታል አያስብም። ይሁን እንጂ ቃሉ በአማርኛም ውስጥ የሚያሰማው የማቃለል ቃና አለ፤ ለዚህም ማስረጃው ሰውየው ራሱን ሲያስተዋውቅ የማይጠቀምበት መሆኑ ነው። «ምን ትሠራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጫኝና አውራጅ ነኝ» ወይም «የቀን ሥራ እሠራለሁ» ይላል። ሰው ራሱን የማይጠራበትን ስም መጽሐፍ ሊያስተምር አይገባም።

ሕንድ ራሷ በዚህ ረገድ የወሰደችው እርምጃ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕንድ ምድር ባቡር በየጣቢያው ለሚገኙት ተሸካሚዎች የነበረውን «ኩሊ» የሚል መጠሪያ «ሳሃያክ» ማለትም «ረዳት» በሚል እንደሚለውጥ አስታወቀ። ይህ ቃሉ አስነዋሪ መሆኑን በይፋ ማመን ነው። ሆኖም ተሸካሚዎቹ እንደ ቀድሞው ከተሳፋሪ በሚያገኙት ክፍያ እንጂ በደመወዝ የሚተዳደሩ አልሆኑም። ስለሆነም ስምን ማስተካከል የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የመጨረሻው ሊሆን እንደማይችል መዘንጋት የለበትም።

5. የአማርኛ የራሱ መንገድ

አማርኛ ሠራተኛን ያለ አሉታ የሚሰይምበት ልማድ አለው። አንደኛው መንገድ «አደር» በሚለው ቃል የሚፈጠሩት ጥምር ስሞች ናቸው። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ሠርቶ አደር፣ ላብ አደርና ወዛደር ሁሉም ሰውየው በምን እንደሚያድር፣ ማለትም ኑሮውን በምን እንደሚገፋ ይናገራሉ። ላብ አደር በላቡ፣ ወዛደር በወዙ የሚያድር ነው። በእነዚህ ስሞች ውስጥ የጐደለ ነገር አይነገርም፤ የሚነገረው ሰውየው ያለውና የሚሰጠው ነው።

ይሁን እንጂ «ላብ አደር» እና «ወዛደር» ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የደረሰባቸው ነገር ሊጤን ይገባል። ሁለቱም ለአንድ የፖለቲካ ጽንሰ ሐሳብ አቻ ሆነው ስለቀረቡ፣ አንድ ጸሐፊ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ታይቶ የፖለቲካ ወገኑ የሚገመትበት ጊዜ ነበር። «ወዛደር» የአንድ የፖለቲካ ድርጅት፣ የወዛደር ሊግ፣ ስም ሆነ። «ሠርቶ አደር» የጋዜጣ ስም ሆነ። ቃላቱ በመፈክር ውስጥ ከፍ ብለው ሲነገሩ፣ ድንጋይ የሚሸከመው ሰው ግን በደመወዝ ዝርዝር ላይ ያው «ሙያ የሌለው» እንደተባለ ቀረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መፈክሩ ሲያልፍ ቃላቱም ከዕለት አጠቃቀም ራቁ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ክቡር ቃል ከሠራተኛው በላይ ተሰቅሎ ከቀረ እንደማያገለግለው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይልቅ ቀላልና ዘላቂ ነው። አማርኛ ከማንኛውም ግሥ የሠሪ ስም ሊያወጣ ይችላል። ጫነ፣ ጫኝ፤ አወረደ፣ አውራጅ፤ ቆፈረ፣ ቆፋሪ፤ አጨደ፣ አጫጅ፤ ለቀመ፣ ለቃሚ፤ ጠረበ፣ ጠራቢ። ይህ ደንብ ለሐኪሙም ለቆፋሪውም እኩል ያገለግላል። አንድ ሠራተኛ የሚያደርገው ነገር እስካለ ድረስ ስም አያጣም።

በአንጻሩ ስለ ቅጥር የሚናገሩት ቃላት ሳይስተዋል ሲበላሹ ታይተዋል። «ቅጥረኛ» በመሠረቱ የተቀጠረ ሰው ማለት ሆኖ ሳለ፣ በፖለቲካ ንግግር ለባዕድ ያደረ ማለት ሆኗል። «ምንደኛ»ም ለገንዘብ ሲል እምነቱን የሚሸጥ ሰው ወደሚል ትርጉም አዘንብሏል። «ሠራተኛ» የሚለው ራሱ «የመንግሥት» ሲቀደምለት ማዕረግ ይሆናል፤ በቤት ውስጥ ብቻውን ሲነገር ግን በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግልን ሴት ወደ ማመልከት ወርዷል። በሰው ሥር ተቀጥሮ መሥራትን የሚያመለክት ቃል በየጊዜው ወደ ታች መንሸራተቱ የኅብረተሰቡን አመለካከት የሚያሳይ መስተዋት ነው።

ይህ አመለካከት ጥንታዊ መሆኑን መንግሥትም ቀድሞ ያውቀው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውን፣ የሚነግደውንና የሚያርሰውን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዘዋል፤ ሠራተኛን መሳደብም ንጉሡን እንደ መሳደብ የሚቆጠር መሆኑን አስታውቀዋል። በአዋጁ ውስጥ ያለው ክርክር ግልጽ ነው። ሠሪው በስድብ ምክንያት ሥራውን ከተወ አገር መሣሪያ ያጣል። በዚያ ዘመን ስድቡ የሚወጣው ከአፍ ነበር። በቅጽ ላይ በታተመ ጊዜ ግን ማን እንደ ተናገረው እንኳ አይታወቅም።

6. ሥራው በእርግጥ ምን ይጠይቃል?

ስያሜው ሐሰት መሆኑን ለማየት ሥራዎቹን ራሳቸውን መመልከት ይበቃል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አገዳ ቆራጭ «ሙያ የሌለው» ከሚባሉት ሠራተኞች አንዱ ነው። አገዳ ቆራጩ ግን ስኳሩ በብዛት የሚገኘው በአገዳው የታችኛው ክፍል መሆኑን ስለሚያውቅ ከመሬት አስጠግቶ ይቆርጣል፤ ስኳር የማይበዛበትን ጫፉንም ቀንጥሶ ይጥላል። ከፍ አድርጎ ቢቆርጥ ስኳሩ በማሳው ላይ ይቀራል፤ ጫፉን ቢተው ፋብሪካው ትርፍ ጭነት ይፈጫል።

በሑመራና በመተማ የሰሊጥ አጫጁም እንዲሁ ነው። የሰሊጥ ፍሬ ከያዘው ቆባ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ቆባው ሲደርቅ ራሱን ከፍቶ ፍሬውን ያፈስሰዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ሲገረጣ፣ ቆባው ሳይከፈት፣ በአጭር ቀናት ውስጥ አጭዶና አስሮ ቀጥ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። በጥቂት ቀናት መዘግየት ወይም ነዶውን ዘቅዝቆ መያዝ የዓመቱን ምርት መሬት ላይ ያስቀራል። በቡና ማበጠሪያ ቤቶች የሚሠሩት ለቃሚ ሴቶች ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ በዓይናቸው ለይተው ያወጣሉ፤ የቡናው ደረጃ በእነርሱ ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው። በሕንፃ ሥራ ደግሞ ሲሚንቶ የሚያቦካው ሠራተኛ ለእጁ እንዲቀለው ውኃ ቢያበዛ ኮንክሪቱ ጥንካሬውን ያጣል። መሐንዲሱ የቀመረውን ስሌት የሚያከብረው ወይም የሚያፈርሰው ባልዲ የያዘው እጅ ነው።

ይህ ሲባል በሥራዎች መካከል የሥልጠና ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የግንበኛውን ሥራ ለመማር ከባሬላ ተሸካሚው ሥራ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የመሐንዲሱ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ሸክምን ለማክበር ሲባል ይህን መካድ ሠራተኛውንም አይጠቅምም፤ እርሱ ራሱ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ልዩነቱን ስለሚያውቅ ነውና። ነገር ግን በአጭር ጊዜ የሚለመድ ሙያ ሙያ አለመሆን ማለት አይደለም። ልዩነቱ የመጠን ሆኖ ሳለ ስያሜው የመኖርና ያለመኖር አድርጎ አቅርቦታል።

7. በመማሪያ ክፍል

ተማሪን ለማትጋት ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ካልተማርህ ተሸካሚ ሆነህ ትቀራለህ» የሚለው ነው። ተናጋሪው መምህር በጎ ሐሳብ አለው። በዚያው ክፍል ውስጥ ግን የተሸካሚ ልጅ ተቀምጧል። ልጁ ቁርሱን የበላው፣ ደብተሩን የገዛው በዚያ ሸክም ነው። መምህሩ ማስፈራሪያ አድርጎ ያነሣው ኑሮ የልጁ ቤት ነው። ልጁ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ወይ በአባቱ ማፈር፣ ወይ በመምህሩ ቃል መጠራጠር። የመጀመሪያውን ከመረጠ ቤቱን ያጣል፤ ሁለተኛውን ከመረጠ ትምህርት ቤቱን ያጣል።

ከዚህም ሌላ ማስፈራሪያው በራሱ ላይ ይመለሳል። ትምህርት ከጉልበት ሥራ ማምለጫ ተደርጎ የተሰበከለት ወጣት፣ ትምህርቱን ጨርሶ የቢሮ ሥራ ባያገኝ በእጁ መሥራትን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ትምህርት ቤቱ ለዓመታት የዘራውን ንቀት ወጣቱ በራሱ ላይ ያጭዳል።

መምህራን በዚህ ረገድ ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በአካባቢያቸው የሚታዩትን ሥራዎች በሠሪ ስም እንዲዘረዝሩ፣ ለእያንዳንዱም ሠራተኛው ማወቅ የሚገባውን ሦስት ነገር ጠይቀው እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የባሬላን አያያዝ ለሸክም ሚዛን፣ የኮንክሪትን አቦካክ ለድብልቅ ትምህርት ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ይቻላል። በኅብረተሰብ ትምህርት የ«ኩሊ»ን ታሪክ ከባርነት መቅረትና ከሸንኮራ አገዳ እርሻ ጋር አያይዞ ማስተማር ይጠቅማል። በዚህ አኳኋን የተሸካሚው ልጅ ከቤቱ የሚያመጣው ዕውቀት ይኖረዋል፤ በክፍሉ ውስጥም አፍሮ ከሚቀመጥ ተናጋሪ ይሆናል።

8. በዕቅድ ሥራ

ዕቅድ አውጪዎች «ለስታቲስቲክስ አንድ ስያሜ ያስፈልጋል» ሊሉ ይችላሉ፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የሥራ ዓይነቶች አመዳደብ ራሱ የሚመድበው ሥራን እንጂ ሰውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የጸደቀውም ሆነ በ2007 ተሻሽሎ የጸደቀው አመዳደብ በዘጠነኛው ዋና ክፍል ያስቀመጣቸውን ሥራዎች «መነሻ» ወይም «መሠረታዊ» ሥራዎች ተብሎ ሊተረጐም በሚችል ስም ይጠራቸዋል። የችሎታ ደረጃ የሚሰጠው ሥራው ለሚጠይቀው ነገር መሆኑን፣ አንድ የተወሰነ ሠራተኛ ከሌላው የበለጠ ወይም ያነሰ ማወቁን እንደማይመለከትም ያስረዳል። ደረጃውን ለመወሰንም ከመደበኛ ትምህርት ሌላ በሥራ ላይ የሚገኘው ልምምድ ይታሰባል። ይህ ጥንቃቄ ወደ አማርኛ ሲተላለፍ መጥፋት የለበትም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ደግሞ አንድ ሰው ችሎታውን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ወይም በሌላ መንገድ ያግኘው፣ ተመዝኖ ብቃቱ ከተረጋገጠ ዕውቅና ሊያገኝ እንደሚገባው አስቀምጧል። ይህ መርሕ ከስያሜው ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ዐሥር ዓመት ከግንበኛ አጠገብ የቆመ ረዳት ግንቡን ቀጥ አድርጎ ማቆም ሊችል ይችላል፤ ነገር ግን በመዝገብ «ሙያ የሌለው» ተብሎ የኖረ ሰው ለሙያ ምዘና የተጠራው እርሱ መሆኑን በምን ያውቃል? ካቦውስ «ሙያ የሌለው» ብሎ የመዘገበውን ሰው ለምዘና ለመላክ በምን ምክንያት ያስባል? ስያሜው ለሰውየው የተከፈተውን በር ይዘጋበታል።

«የቀን ሠራተኛ» የሚለው ስያሜም ጥንቃቄ ይሻል። የሚናገረው ስለ ውል ዘመን ብቻ ስለሆነ ክብርን አይነካም። ሆኖም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ እንደ ቀደመው አዋጅ ሁሉ፣ የሥራ ውል በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። አንድን ሰው ለዓመታት በአንድ ሥራ ላይ አሠርቶ «የቀን ሠራተኛ» እያሉ መጥራት በቃሉ ሽፋን መብትን ማስቀረት ሊሆን ይችላል።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሠራተኛው የሚሠራው ሥራ በታወቀበት ቦታ ሁሉ በሠሪው ስም መጥራት ይገባል፤ ጫኝ፣ ቆፋሪ፣ አጫጅ፣ ለቃሚ። ሁለተኛ፣ በዕቅድና በስታቲስቲክስ የወል ስያሜ ሲያስፈልግ አሉታው ከሰውየው ላይ ተነሥቶ ወደ ሥራው መዛወር ይኖርበታል፤ «ሙያ የሌለው ሠራተኛ» በማለት ፈንታ «የቅድሚያ ሥልጠና የማይጠይቅ ሥራ» ወይም «የመነሻ ደረጃ ሥራ» ማለት ለቆጠራው የሚያጐድልበት ነገር የለም። ሦስተኛ፣ «ኩሊ» የሚለው ቃል በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቢነሣ ታሪኩ እንዲታወቅ እንጂ የማንም ሠራተኛ መጠሪያ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

የቃል ለውጥ የደመወዝ ለውጥ አለመሆኑ ከሕንድ ተሸካሚዎች ታይቷል። ቢሆንም ዕቅድ አውጪ የሚቆጥረው ስም የሰጠውን ነገር ነው፤ መምህርም የሚያስተምረው በስሙ የጠራውን ነው። ባዶ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሥልጠና ሲታቀድለት ከባዶ እንደሚጀምር ይታሰባል፤ ያለው ዕውቀትም ሳይመዘን፣ ሳይከፈልበትና ለሌላው ሳይተላለፍ ከእርሱ ጋር ያልፋል። በየትምህርት ቤቱ ስለ ሠራተኛ የሚጻፍ ቃል ሁሉ የሠራተኛው ልጅ በሚሰማበት ቦታ ጮክ ተብሎ ሊነበብ የሚችል መሆኑ አስቀድሞ ቢፈተሽ፣ ከላይ የተጠቀሰው ጉዳት ብዙው ይቀንሳል።